ሊቀ ቁንጥር ይርሳውና የወፍጮው ክንድ

በምድር ላይ ያለው ነገር ሁሉ ሊያልቅ ትንሽ ሲቀረው የተተወ የሚመስለው ሰው በየአገሩ አይጠፋም። ደምበጫ አንድ አለ። ቡሬ አንድ አለ። አዴት ሁለት ናቸው ይባላል፤ እርስ በርስ ስለሚተራረሙ አብረው ገበያ አይወጡም። እንዲህ ያለው ሰው ጠላችሁን ቀምሶ «ጥሩ ነው» ይልና አያቆምም። «ጥሩ ነው፤ ብቻ...» ይላል። ያቺ «ብቻ» ስትሰማ ባለቤትየዋ ጋኗን በሁለት እጇ ትከልላለች።

የፍኖተ ሰላሙ የእኛ ሰው ይርሳው ይባላል። እኔ ግን ባለቤቴ ወለተ ሐና ባወጣችለት ማዕረግ ሊቀ ቁንጥር እያልኩ እጽፋለሁ። ሊቀ ጠበብት፣ ሊቀ ካህናት የሚባል ካለ ሊቀ ቁንጥርም ሊኖር ይገባል ብላ ነው። ትምህርቱ በሙሉ በአንድ ትንፋሽ ያልቃል፦ «ትንሽ ነገር ጎድሎታል፤ ቁንጥር ብቻ!» ይህን ሲል አውራ ጣቱንና ሌባ ጣቱን ገጥሞ ወደ ዓይናችሁ ያስጠጋል። በጣቶቹ መሀል ምንም የለም። እሱ ግን ነፋስ እንዳይወስድበት ትንፋሹን ይይዛል።

ሥራው ብረት ማቅለጥ ነው። በጣሊያን ጊዜ ቡሬ አንድ ጋራዥ ውስጥ ወናፍ ነፍቷል፤ እዚያ ሲሠራ ያየውን ሁሉ ራሱ የሠራው ይመስለዋል። የተበሳ የአሉሚኒየም ድስት፣ እጀታው የወለቀ ማንቆርቆሪያ፣ የመኪና ስብርባሪ ከየገበያው ይሰበስብና አቅልጦ ጭልፋ ወይም የበር እጀታ ያደርገዋል። ቀጥቃጭ ብሎ የሚጠራው ሰው ካለ ይቆጣል። «እኔ ቀጥቅጬ አላውቅም፤ ለምኜ ነው የማቀልጠው» ይላል።

ጎረቤታችን እትዬ ካሰች ለክርስትና ጠላ ጠምቃ አስቀመሰችው። «ጥሩ ነው፤ ብቻ ቁንጥር አብሽ» አለና እሷ ዞር ስትል ጨመረበት። ያ ሁሉ የክርስትና እንግዳ ጠላውን እንደ መድኃኒት ዓይኑን ጨፍኖ ጠጣው። ካሰች ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ በበሯ ሲያልፍ ዕቃዋን ትከድናለች፤ ባዶውን ሳይቀር።

ተስፋው የሚባል ገበሬ የድንበር ክርክር ነበረበት። ማመልከቻውን ሊቀ ቁንጥር አስነብቦ ሰማና «ቁንጥር ለቅሶ ጎድሎታል» አለ። ለቅሶው ተጨመረ። ዳኛው አንብበው ሲጨርሱ አንገታቸውን ደፍተው «እግዜር ያጽናህ፤ ለመሆኑ የሞተው ማን ነው?» አሉት ይባላል።

መምሬ ክንፈሚካኤል ሰብከው ሲወርዱ ጠብቆ፣ «ጥሩ ነበር አባ፤ ብቻ ገሃነሙ ላይ ትንሽ ነገር ጎድሎታል» አላቸው።

«አይዞህ» አሉት መምሬ። «አንተ ስትገባበት ይሞላል።»

አንዳንዴ ደግሞ ይሠራለታል፤ ችግሩም ይኸው ነው። ከቡሬ ገበያ ስንመለስ አውቶቡሱ ዳገት ላይ ውሃውን አፍስሶ ቆመ። ሾፌሩ እጁን ራሱ ላይ ጭኖ ሲያዝን ሊቀ ቁንጥር ከአንዲት ሴት ቁና ላይ ተልባ ቆንጥሮ የሞተሩ ውሃ ውስጥ ጨመረ። ተልባው አብጦ ቀዳዳውን ደፈነው። መኪናው ተነሣ። የጾም ቀን ነበር፤ ፍኖተ ሰላም እስክንገባ ሞተሩ ተልባ ተልባ ሲሸት መንገደኛው ሁሉ ምራቁን ዋጠ።

ከዚህ ሁሉ ሰው መሀል ወድዳ የምትስቅለት ወለተ ሐና ብቻ ነበረች። እኔ ከሩቅ ሳየው ድስቱን እከድናለሁ፤ እሷ ትከፍትለታለች። «ተወው ይጨምር፤ ቁንጥር ነው፤ ምን ይወስድብሃል?» ትለኛለች። አንድ ጊዜ የማይሠራ ላይተር ከመንገድ ላይ አግኝቶ አበጀና ሰጣት። ከዚያ ወዲህ እሳት በክብሪት አልጫረችም። የላይተሩ ድንጋይ፣ ያቺ ብልጭታውን የምታወጣው የስንዴ ፍሬ የማታክል ድንጋይ፣ ስታልቅባት ከቡሬ በትንሽ ጣሳ ያመጣላት ነበር።

ወለተ ሐና አምና በኅዳር መባቻ አረፈች። ስለ ሞቷ የምጽፈው ይኸው ነው።

ሽሮ መሥራት ከዚያ በኋላ ለመድኩ። ለመድኩ ስል ሲፈላ አጠገቡ መቀመጥ ማለቴ ነው። ሊቀ ቁንጥር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ በወረቀት የተጠቀለለ ነገር በኪሱ ይዞ ይመጣል።

«ይሄ ምንድን ነው?» ይለኛል ድስቱን እያየ።

«ሽሮ ነዋ።»

«ራሱ ያውቃል?»

ወረቀቱን ይፈታል። አንድ ቀን ቁንጥር ኮረሪማ ነው፤ አንድ ቀን ቁንጥር ጥቁር አዝሙድ ነው። ያማስልና ቅመስ ይለኛል። እቀምሳለሁ።

«አሁንስ?»

«ያው ነው።»

«ምላስህ ነው፤ ደግመህ ቅመስ።»

እንዲህ ስንባባል ድስቱ ያልቃል። ሲያልቅ ተነሥቶ ይሄዳል። እኔም ይህ ሰው ስንት ሽሮ አበላሸብኝ እያልኩ ዕቃዬን አጥባለሁ።

አሁን ወደ ወፍጮው ልምጣ።

የሞተር ወፍጮው ወለተ ሐና ከአባቷ የወረሰችው ነው። ቤቱ ሣር ክዳን ነው። ሴቶች እህላቸውን አስደግፈው እውስጡ ተራ ይጠብቃሉ፤ ያዘሉትን ልጅ እዚያው ያጠባሉ። ሞተሩ ላይ፣ ከጭስ ቱቦው በላይ፣ የናፍጣውን ጣሳ ተሸክሞ የሚውል አንድ ክንድ አለ። ናፍጣው ከላይ ወደ ታች ስለሚወርድና ማስተላለፊያው ቧንቧ አጭር ስለሆነ ጣሳው ሌላ ቦታ አይሆንም። ከሞተሩ ጋር የመጣው ክንድ በነሐሴ ተሰበረ። ቀጥቃጭ የብረት ክንድ ሠራልን፤ ከበደ። ሞተሩ ሲንቀጠቀጥ ያ ከባድ ክንድ የታሰረበትን የሞተሩን ጆሮ ሰነጠቀው። ጆሮው ጨርሶ ከተገነጠለ ሞተሩ አለቀለት። ስለዚህ ቀላል ክንድ አስፈለገ፤ ቀላል ብረት ደግሞ የሊቀ ቁንጥር ግዛት ነው።

ከአሮጌ ድስት አቅልጦ ሠራው። ሲታሰር እንደ ብር አበራ። እሱ ግን ዞሮ ዞሮ አየውና «ጥሩ ነው፤ ብቻ...» አለ። ያን ቀን ጆሮ የሰጠው ሰው የለም።

መስቀል እንዳለፈ ንብረት መጣ። ንብረት ሞተሩን የሚያስነሣልኝ የልጆች አባት ነው። ሞተር ማስነሣት ያውቅበታል፤ ከተነሣ ሞተር ጋር አንድ ቤት ውስጥ መሆን ግን ይፈራል።

«አያ ወልደ ዮሐንስ፣ ጣሳው ዝቅ ያለ መሰለኝ።»

«መሰለህ ወይስ ዝቅ አለ?»

«እርስዎ ይዩት እንጂ እኔ ምን አውቄ።»

ሄጄ አየሁ። ሲታሰር በጣሳውና በጭስ ቱቦው መሀል አራት ጣቴ ይገባ ነበር። አሁን ትንሿ ጣቴ ውጭ ቀረች። ክንዱ ስንጥቅ የለበትም። ዝቅ ብሏል፤ በቃ።

ሊቀ ቁንጥርን አስጠራሁት። ሞተሩ እስኪበርድ ጠብቆ ክንዱን በመዳፉ ዳበሰው፤ የታመመ ከብት እንደሚዳበስ።

«ወልዴ፣ ይሄ ብረት አይሰበርም። ክፋቱ እሱ ነው» አለኝ። «የሚሰበር ነገር ጮኾ ይነግርሃል። ይሄ ዝም ይላል። ሸክሙ ብቻ ቢሆን ይችለዋል። ሙቀቱ ብቻ ቢሆንም ይችለዋል። ሁለቱ አንድ ላይ ሲቆዩበት ነው ቀስ እያለ የሚወርደው። ጠዋት ብታየው ያው ነው፤ ማታ ብታየው ያው ነው። አንድ ቀን ስታየው ወርዷል።»

ይህን ሲል የሚያየው ክንዱን አልነበረም። ቀበቶዬን ነበር፤ በምስማር የበሳሁባትን አዲሷን ቀዳዳ።

«ታዲያ ምን ይሻላል?» አልኩት።

«ትንሽ ነገር ጎድሎታል» አለ። እንደ ወትሮው ግን አልጮኸም።

ከዚያ በኋላ እንቅልፌም ምግቤም ክንዱ ሆነ። ጣሳው ቱቦው ላይ ከተቀመጠ ናፍጣው ይግላል። ቱቦው ፍም ነው፤ ክዳኑ ሣር ነው፤ ከሥሩ ያሉት ሴቶችና ሕፃናት ናቸው። እህል ስቀበል ዓይኔ ክንዱ ላይ ነው። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ ጣቶቼን እርስ በርስ እያስጠጋሁ እለካለሁ። የሆነ ነገር የተቃጠለ ሲሸተኝ፣ የገዛ ሽሮዬም ቢሆን፣ ወደ ወፍጮው እሮጣለሁ። ሰው ሲያናግረኝ የሞተሩን ድምፅ ስለማዳምጥ «እህ?» ማለት ለመድኩ። ሁለት ጣት ሲቀር ንብረት አሸዋ በአቁማዳ አምጥቶ አጠገቡ አኖረ፤ ራሱ ግን ወደ በሩ ተጠጋ። አንድ ጣት ሲቀር ሞተሩን አስቆምኩ።

ጸጥ አለ። ያን የመሰለ ጸጥታ አምና በኅዳር ነው የሰማሁት።

ሴቶቹ እህላቸውን እያሸከሙ የደምበጫን መንገድ ያዙ። ካሰች ግን ወደኔ መጣች። የወለተ ሐና የሙት ዓመት ተዝካር ሊደርስ ነው፤ የድግሱ አዛዥ እሷ ናት።

«በገዛ ወፍጮዋ ያልተፈጨ እህል ለተዝካሯ ሊቀርብ ነው?» አለችኝ።

«ቡሬ ወስደን እናስፈጨዋለን እንጂ ምን እናድርግ?»

«ቡሬ! እሷ ቡሬ ምን አላት?»

ወፍጮው ከቆመ ደግሞ የእሷ ሆኖ የሚንቀሳቀስ ነገር ቤቴ ውስጥ አይኖርም። ይህን ለካሰች አልነገርኳትም። «ለይርሳው ንገሪው» አልኳት።

«ለእሱ ነው?» አለችና አማተበች። ሄዳ ግን ነገረችው።

ሊቀ ቁንጥር ወናፉን ወፍጮው ደጅ ተከለ። የሰፈሩ ሰው ተሰበሰበ፤ ለማገዝ ሳይሆን እንዳያመልጠው።

መጀመሪያ የሞከረው ጠበል ነው። ከግሽ ዓባይ የተመለሱ ሰዎች በትንሽ ጠርሙስ ያመጡለት ነበረው። «የታመመ ሰው የሚያነሣ ጠበል የደከመ ብረት አያነሣም?» ብሎ ጠየቀ። ማንም አይነሣም ለማለት አልደፈረም። አሉሚኒየሙ ቀልጦ እንደ ወተት ሲንቀጠቀጥ ከጠርሙሱ አንዲት ጠብታ አወረደበት።

የሆነውን ያየ ሰው የለም፤ ሁላችንም ያየነው መሸሻችንን ነው። ድምፁን ግን ደብሩ ድረስ ሰምተውታል። ብረቱ ተፈናጥሮ ግድግዳው ላይ ተለጠፈ፤ የንብረት ባርኔጣ ተበሳ፤ የሊቀ ቁንጥር የግራ ቅንድብ ግማሹ ሄደ። ሰው ግን አልተጎዳም። መምሬ ክንፈሚካኤል መቋሚያቸውን ይዘው ደረሱ።

«ጠበል እሳት ላይ ያፈሰሰው ማን ነው?»

«አንዲት ጠብታ ናት አባ።»

«አንተ ሰውዬ! ጠበል ለሰው እንጂ ለድስት ታዟል? ድስቱ ክርስትና ተነሥቷል?»

«አሮጌ ድስት ነው አባ፤ ብዙ ጾም ያሳለፈ።»

መምሬ ሣቃቸውን ለመደበቅ ጢማቸውን ያዙ። «ቅንድብህንስ ምን ልታደርገው ነው?» አሉት።

«እሱ ይበቅላል።»

«እንግዲያው ቁንጥር ነገር ጨምርበት» ብለውት ሄዱ።

ሁለተኛው የጥይት ቀለህ ነው። መዳብ አለበት ብሎ ቀለሁን በሞረድ ሞርዶ እንደ በርበሬ አደቀቀው። ቁንጥር ጨመረና ወናፉን ሊያይ ዞር አለ። ንብረት ፈሪ ነው አላልኩም? ቁንጥር ጥሩ ከሆነ እፍኝ ይሻላል ብሎ የቀረውን ሁሉ ገለበጠበት። የወጣው ክንድ ሲያዩት ያስፈራ ነበር፤ ሲነኩት እንደ ደወል ጮኸ። ብሎኑ ሲጠብቅበት ግን ቃ! ብሎ ለሁለት ተከፈለ።

«ምን አድርገህበት ነው?» አለ ሊቀ ቁንጥር።

«አጠነከርኩት፣ አያ ይርሳው።»

«አጠገብከው እንጂ! እኔ ቁንጥር አልኩ፤ እፍኝ ማን አለ? ዕድሜዬን ሙሉ ቁንጥር፣ ቁንጥር ስል የኖርኩት ሥራ ፈትቼ መሰለህ?»

ንብረት ባርኔጣውን አውልቆ ይቅርታ ጠየቀ። በባርኔጣው ቀዳዳ ፀሐይ ገብታ መሬቱ ላይ አንዲት ነጥብ ሠራች፤ ሁላችንም እሷን አየን። ተዝካሩ ደርሷል። እህሉ ተበጥሮ በየአቁማዳው ቆሟል። ካሰች ጠዋት ጠዋት ትመጣና ምንም ሳትጠይቅ ክንድ የሌለውን ሞተር አይታ ትመለሳለች። ብትጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።

በዚያ ሰሞን ሊቀ ቁንጥር እንደ ልማዱ መጣ፤ ወረቀት ግን አልያዘም። ሽሮዬንም አላየም። ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ነበር።

«ምነው?» አልኩት።

«ምንም።»

«አንተ ምንም ብለህ አታውቅም።»

«ወልዴ... ያ ላይተር አለ?»

መደርደሪያው ላይ ነበር፤ እሷ ባስቀመጠችበት። ዙሪያውን እጠርጋለሁ፤ አላነሣውም። ከጎኑ የድንጋዮቹ ትንሽ ጣሳ አለች።

«አለ» አልኩ።

«ያቺ ድንጋይ እሳት ትወልዳለች አይደል? እሳት የወለደ እሳት ይፈራል? የገዛ ልጁን የሚፈራ ወላጅ አለ?»

«አንተ ልጆችህን አትፈራም?»

«እኔ ድንጋይ አይደለሁማ» አለ። ከዚያ ቶሎ ብሎ፣ «ቡሬ ሄጄ ነበር፤ አልቋል። ከአዲስ አበባ እስኪመጣ ይቆያል አሉኝ። ካልሆነ ይቅር። እኔ እንዲያው ነው...» አለ።

ሊቀ ቁንጥር «ይቅር» ሲል ሰምቼ አላውቅም።

ተነሥቼ ጣሳዋን አወረድኳት። ክዳኗ አስቸገረኝ። ሊረዳኝ እጁን ዘረጋና መለሰው። ስትከፈት አየሁ፤ ካሰብኩት ይልቅ ብዙ ነበሩ። ገና ብዙ እሳት ልታነድድ አስባ ነበር ማለት ነው።

«ሁሉንም ውሰድ» አልኩት።

«እፍኝ ማን አለ?» አለኝ። ለንብረት በተናገረበት ድምፅ ግን አልነበረም። በሁለት ጣቱ ቆነጠረና ክዳኑን ራሱ ገጠመው።

በማግስቱ ድንጋዮቹን በሲጋራ ብርማ ወረቀት ጠቀለላቸው። የቀለጠው ላይ ቢጥላቸው ከላይ ተቃጥለው ይቀራሉ ብሎ በብረት ዘንግ ወደ ታች ደፈቃቸው፤ ቀስ አድርጎም አማሰለ። ንብረት እጆቹን ከኋላው አጣምሮ እንዲቆም ታዘዘ። መጀመሪያ የወጣው ክንዱ አይደለም፤ ቀጭን ዘንግ ነው። ከአሮጌው ድስት ብቻ የተሠራ ሌላ ዘንግም ነበር። ሁለቱን ጎን ለጎን ግድግዳው ውስጥ ተከላቸው፤ ጫፋቸው ላይ እኩል እኩል ድንጋይ አንጠለጠለ፤ ከሥራቸው የከሰል ፍም አኖረ። ፍሙን እየተካን ዋልን።

መጀመሪያ ልዩነት አልነበራቸውም። እኔ ማየቱ አስጨንቆኝ ወደ መንገዱ እወጣለሁ፤ አለማየቱ አስጨንቆኝ እመለሳለሁ። እየቆየ የድስቱ ዘንግ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወገቡን። ከዚያ ድንጋዩ አመድ ላይ ተኛ።

«ከጠላ ቤት የተመለሰ ባሌን ይመስላል» አለች ወለተ ጊዮርጊስ የምትባል የወፍጮው ደንበኛ።

«ይሄኛውስ?» አላት ሊቀ ቁንጥር ሌላውን እያሳየ።

«እሱ የሰው ባል ነው።»

አዲሱ ዘንግ ጨርሶ አልጎበጠም አልልም። ትንሽ ጎንበስ አለ፤ እዚያው ቀረ።

ክንዱ ከዚያው ብረት ወጣ፤ ታሰረ። ንብረት ሞተሩን አስነሣና በሩ ላይ ቆመ። ሴቶቹ ከውጭ እንዲጠብቁ አደረግን፤ ፀሐይ ላይ ተቀምጠው አጉረመረሙ። እኔ ጣቴን ማመን ትቼ የሰንበሌጥ ስንጥር ቆርጬ በጣሳውና በቱቦው መሀል ልክ እንዲገባ አደረግሁ። ጣሳው ዝቅ ካለ ስንጥሩ አይገባም። ጠዋት ሞተሩ ሳይነሣ ሄጄ እለካለሁ። ሁልጊዜ ሊቀ ቁንጥር ቀድሞኝ እዚያ አገኘዋለሁ።

«ምን ትሠራለህ እዚህ?»

«ሳልፍ ነው» ይለኛል። ቤቱ በሌላ በኩል ነው።

ስንጥሩን አስገባለሁ። ሁለታችንም ትንፋሻችንን እንይዛለን። ይገባል። በማግስቱም ይገባል። የተዝካሩ እህል ተራ ሲደርስ ካሰች ራሷ አቁማዳውን አዝላ መጣች፤ ዱቄቱ ሲወርድ እጇን ዘርግታ ሙቀቱን ዳሰሰችና ነጠላዋን ወደ ዓይኗ አስጠጋች። ዱቄት ገብቶባት ይሆናል። ያን ቀን አመሻሽ ላይም ስንጥሩ ገባ።

ተዝካሩ በሃምሳ ስምንት ዓመተ ምሕረት ኅዳር መጀመሪያ ላይ ሆነ። ዳስ ተጣለ። ካሰች ከሁሉ አስቀድማ ያወጣችው ትእዛዝ ይርሳው ድስት አጠገብ እንዳይደርስ ነው። እሷ ከድስቶቹ ወዲህ ቆማ ስትጠብቀው፣ ወለተ ጊዮርጊስ ከድስቶቹ ወዲያ ቆማ ጠበቀችው። ጥበቃው የሠመረ ነበር። አንድ ጥፋት ግን ደረሰ። ሁለቱም ዓይናቸው እሱ ላይ ስለነበር፣ እያንዳንዳቸው ያችኛዋ ጨምራለች ብለው፣ ወጡ ጨው ሳይገባበት ወጣ።

ሰው በተዝካር አይተችም። መምሬ ክንፈሚካኤል ባርከው የመጀመሪያውን ጉርሻ ጎረሱና ወደ ዳሱ ጣራ አዩ። «የዘንድሮው መኸር ደህና ነው» አሉ። ተስፋው «ደህና ነው አባ» አለ፤ በውሃ አወራረደ። እኔም ቀመስኩ። ካሰች ጭልፋዋን እንደያዘች የሰዉን ፊት አየች፤ ገባት። ፊቷ እንደ ዱቄቱ ሆነ። ይህን ድግስ ለወለተ ሐና ብላ ስንት ሌሊት እንደደከመችበት የማያውቅ የለም።

ከዚያ ዳሱ ሁሉ ቀስ በቀስ ወደ አንድ ሰው ዞረ። ሰው የይርሳውን «ብቻ» ቁጭ ብሎ ሲጠብቅ ያየሁት ያን ቀን ነው። ሊቀ ቁንጥር ጎረሰ። አኘከ። በአንድ ተኩል ቅንድቡ ካሰችን አየ፤ ከዚያ እኔን አየ። ዋጠ።

«ምንም አልጎደለውም» አለ።

ይህ ሰው እንዲህ ሲል ሰማሁ የሚል በጎጃም አይገኝም። ውሸቱን እንደሆነ እኔ አውቃለሁ፤ እሱም ያውቃል፤ ካሰችም ታውቃለች። የጎደለውን ደግሞ ሁላችንም እናውቃለን፤ ከጨው በላይ ነው። ያን ጊዜ የዓመቱ ሽሮ ሁሉ አንድ በአንድ መጣብኝ፤ ኮረሪማው፣ ጥቁር አዝሙዱ፣ «ደግመህ ቅመስ» እየተባለ ተጠርጎ የተበላው ድስት።

ተነሥቼ ከካሰች ጀርባ የነበረውን የጨው ዕቃ አመጣሁና ፊቱ አስቀመጥኩት።

«ይርሳው፣ ጎድሎታል» አልኩት።

«ምን?»

«ትንሽ ነገር። ቁንጥር ብቻ።»

ወደ ካሰች ዞረ። ካሰች ጭልፋዋን አየች፤ ሰማዩን አየች፤ ከድስቶቹ ፊት ገለል አለች። «ቶሎ በል እንግዲህ፤ እንዳይበርድ» አለችው።

ሊቀ ቁንጥር ተነሣ። ነጠላውን አስተካከለ። ከጨው ዕቃው ቆንጥሮ፣ ትንፋሹን ይዞ፣ እንደ ካህን ቀስ ብሎ ተራምዶ ትልቁ ድስት ውስጥ በተነው። ያን ለሚያህል ድስት ቁንጥር ጨው ምን ይሆናል? ካሰች በኋላ እፍኝ እንደጨመረችበት አይቻለሁ፤ ለማንም አልተናገርኩም። አማሰለና በጭልፋ ጨልፎ ወደኔ አመጣ።

ቀመስኩ።

«አሁንስ?» አለኝ።

«ያው ነው» አልኩት።

«ምላስህ ነው፤ ደግመህ ቅመስ።»

ደግሜ ቀመስኩ።